በሕግ አምላክ፦ የፍትሕ ጥያቄ በድሬዳዋ ታሪክ

«በሕግ አምላክ!» የምትለው አጭር ቃል በኢትዮጵያ ሕዝቦች የአብሮነት ኑሮ ውስጥ የያዘችው ሥፍራ ከብዙ አዋጆች የላቀ ነው። ይህች ቃል በተነገረችበት ቅጽበት የተሰነዘረ ዱላ ባለበት ይቆም ነበር፤ የሚሸሸው እግሩን ይገታል፤ የሚያሳድደውም ቁጣውን ይውጣል። ቃሏን የተናገረው አቅመ ደካማ ሽማግሌ ወይም ወላጅ አልባ ልጅ ሊሆን ይችላል። ኃይሏ የሚመነጨው ግን ከተናጋሪው ጉልበት አልነበረም። በሁለቱ ባለጋራዎች መካከል ከሁለቱም የሚበልጥ ሦስተኛ አካል መኖሩን፣ እርሱም ሕግ መሆኑን ሁለቱም አስቀድመው አምነው የተቀበሉት በመሆናቸው ነው።

ሆኖም ከዚህች ቃል በስተጀርባ ሌላ ጥያቄ ቆሟል። በሕግ አምላክ የተያዘው ሰው የሚቆመው በማን ሕግ ነው? የሚቀርበውስ በየትኛው ዳኛ ፊት ነው? ሁለቱ ተሟጋቾች አንድ ቋንቋ በማይናገሩበት፣ አንድ ሃይማኖት በማይከተሉበት፣ ከዚህም አልፎ አንዱ የአገሩን መንግሥት ሌላው የውጭ ቆንስላን ተማምኖ በሚኖርበት ሥፍራ ይህ ጥያቄ የቃላት ጨዋታ መሆኑ ይቀርና የሰው ሕይወት የሚመዘንበት ጉዳይ ይሆናል። በኢትዮጵያ ከተሞች መካከል ይህን ጥያቄ ከልደቷ ጀምሮ ተሸክማ ያደገች ከተማ ብትኖር ድሬዳዋ ናት።

የባቡር ልጅ

ድሬዳዋ ከባቡር ሐዲድ ጋር የተወለደች ከተማ ናት። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር መሥመር የመዘርጋት ፈቃድ በሰጡ ጊዜ የመጀመሪያው ምዕራፍ መድረሻ ይሆናል ተብሎ የታሰበው ጥንታዊቷ ሐረር ነበረች። ይሁን እንጂ ሐዲዱን ወደ ሐረር ተራራ ማውጣት ከባድ ወጪ የሚጠይቅ ሆኖ ስለተገኘ፣ ኩባንያው መሥመሩን ከተራራው ግርጌ ባለው ቆላማ ሜዳ እንዲያልፍ አደረገው። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ 310 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ በታኅሣሥ ወር 1895 ዓ.ም. እዚያ ሲደርስ አዲስ ከተማ ተቆረቆረ። በመጀመሪያም «አዲስ ሐረር» የሚል ስም ተሰጥቶት ነበር፤ የጸናው ግን የአገሬው ሕዝብ የሚጠራበት ስም፣ ድሬዳዋ የሚለው ነው።

የደቻቱ ወንዝ ከተማዋን ለሁለት ከፍሏታል። በአንደኛው ወገን ከዚራ በቀጥተኛ መንገዶቿና በጥላ ዛፎቿ፣ የባቡር ጣቢያውን፣ የጥገና ቤቱንና የኩባንያውን ሹማምንት መኖሪያ ይዛ ተነሳች። በሌላው ወገን መጋላ በገበያዋ፣ በግመል ቅፍለቷና በጠባብ መተላለፊያዎቿ ሰፋች። ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ አማራው፣ ሐረሪው፣ ጉራጌው፣ ከየመን የመጣው ዓረብ፣ ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ሕንዱና ፈረንሳዩ በዚያ ተገናኙ። በቀፊራ ገበያ አንድ ሰው በአንድ ቀን ውስጥ በአራትና በአምስት ቋንቋ ይገዛና ይሸጥ ነበር። ይህ ሁሉ ሕዝብ ሲበዳደር፣ ሲዋዋል፣ ሲጣላና ሲታረቅ በየፊናው ይዞት የመጣው የዳኝነት ሥርዓት ነበረው።

የአደባባዩ ቅርስ

ከደጋው የመጣው ሰው የያዘው የአደባባይ ሙግትን ባህል ነበር። በዚህ ባህል ዳኝነት ከንጉሥ ዙፋን ብቻ የሚወርድ ነገር አልነበረም። ሁለት የተጣሉ ሰዎች በመንገድ የሚያልፈውን ጨዋ ሰው አስቁመው ዳኘን ሊሉት ይችላሉ፤ እርሱም ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ ያዳምጣል። ሙግቱ «በላ ልበልሃ» በሚል መጠያየቅ ይከፈታል። ተሟጋቹ ኩታውን አጣፍቶ፣ ዱላውን እየሰበቀ፣ ምሳሌና ተረት እየደረደረ ጉዳዩን ያስረዳል። በቃሉ መተማመኑን ለማሳየት ማር ወይም በቅሎ ያሲዛል። ዛሬ ክርክርን «እሰጥ አገባ» ማለታችን የዚያ ውርርድ ትዝታ ነው። ከሳሽና ተከሳሽም ፍርድ እስኪያገኙ ድረስ እንዳይለያዩ በልብሳቸው ጫፍ ወይም በሰንሰለት እየተቆራኙ አብረው ይውሉና ያድሩ ነበር። ሕመምተኛውን «የአልጋ ቁራኛ» የሚለው አነጋገር ከዚሁ ሥርዓት የተወረሰ ነው። የኢትዮጵያ ቲያትር የመጀመሪያ መድረክ የት እንደነበረ የሚጠይቅ የኪነ ጥበብ ሰው ቢኖር፣ መልሱን ከዚህ አደባባይ አጠገብ ያገኘዋል።

ይህ ቅርስ ሁለት ገጽታ እንዳለው ግን መሰወር አይገባም። በአንድ በኩል ክሱ በግልጽ የሚሰማበት፣ ተከሳሹ በራሱ አንደበት የሚከላከልበት፣ ይግባኝም ደረጃ በደረጃ እስከ አፈ ንጉሡና እስከ ንጉሡ ችሎት የሚደርስበት ሥርዓት ነበር። «የተጠማ ከፈሳሽ፣ የተበደለ ከነጋሽ» የሚለው ምሳሌ ይህን ተስፋ ይናገራል። በሌላው በኩል ደግሞ ወንጀለኛው እስኪታወቅ ድረስ የአገሩን ሰው ሁሉ ሰብስቦ የሚያውለው አውጫጭኝ፣ መጠጥ የተሰጠው ልጅ ተደናብሮ የወደቀበትን ቤት የሌባ ቤት ነው የሚለው ሌባ ሻይ በማስረጃ ሳይሆን በጥርጣሬና በፍርሃት ላይ የቆሙ ነበሩ። ዳኛው ደመወዝ የሌለው ሹም በመሆኑም «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ብሂል በችሎት ደጃፍ ላይ ያንዣብብ ነበር።

በቆላው ደግሞ ሌሎች የዳኝነት ሥርዓቶች ነበሩ። የኦሮሞ ሽማግሌዎች ጥልን በዛፍ ሥር ተቀምጠው ያበርዳሉ። የሐረርና የአካባቢዋ ሙስሊሞች ጋብቻን፣ ፍችንና ውርስን የመሰለውን ጉዳያቸውን በቃዲ ፊት ይጨርሳሉ። ከድሬዳዋ በስተሰሜን እስከ ጅቡቲ በሚዘልቀው ምድር የሚኖሩት የኢሳ ሶማሌዎች በቃል የሚተላለፍ ሄር የተባለ ሕግ አላቸው። ይህ ሕግ የሰውን ሕይወት፣ አካል፣ ክብርና ንብረት የሚጠብቅ፣ 44 አባላት ባሉት ሸንጎ የሚጠበቅ፣ ኡጋሱንም ጭምር ከሕግ በታች የሚያደርግ ነው። በ2017 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት ይህን ሄር የኢትዮጵያ፣ የጅቡቲና የሶማሊያ የጋራ ቅርስ አድርጎ በማይዳሰሱ የሰው ልጅ ቅርሶች መዝገብ ላይ አስፍሮታል። ስለዚህ የባቡሩ መሐንዲሶች ወደዚህ ሜዳ ሲደርሱ ሕግ ወደሌለበት ምድረ በዳ የመጡ አልነበሩም። የመጡት ብዙ ሕግ ወዳለበት አገር ነው።

አንድ ከተማ፣ ብዙ ችሎት

የባቡሩ ኩባንያ ያመጣው ግን ሎኮሞቲቭና ሐዲድ ብቻ አልነበረም። ጥር 1 ቀን 1900 ዓ.ም. በአፄ ምኒልክና በፈረንሳይ መንግሥት መልእክተኛ በአንቶኒ ክሎቡኮቭስኪ መካከል የተፈረመው የወዳጅነትና የንግድ ውል ለድሬዳዋ ሕይወት ልዩ ትርጉም ነበረው። የዚህ ውል 7ኛ አንቀጽ፣ የኢትዮጵያ ሕግ ከአውሮፓ ሕግ ጋር እስኪጣጣም ድረስ በሚል ምክንያት፣ በኢትዮጵያ ምድር የሚኖሩ የፈረንሳይ ዜጎች በወንጀል ነገር የሚዳኙት በፈረንሳይ ባለሥልጣን እንዲሆን ፈቀደ። ፈረንሳዩና ኢትዮጵያዊው የሚካሰሱበት ጉዳይ ደግሞ ቆንሲሉ ባለበት እንዲታይና በተከሳሹ አገር ሕግ እንዲፈረድ ተደነገገ። ሌሎች መንግሥታትም ለአንዱ የተሰጠው ለእኛም ይገባል በማለት የዚህ ጥቅም ተካፋዮች ሆኑ። ከለላ በመስጠት ስም ደግሞ የሌላ አገር ተወላጅ የሆኑ ነጋዴዎች ሳይቀሩ በቆንስላ ጥላ ሥር ገቡ።

ይህ ዓይነቱ ሥርዓት በኢትዮጵያ ላይ ብቻ የተጫነ አልነበረም። በኦቶማን ግዛት ካፒቱላሲዮን በሚል ስም ለዘመናት የኖረ፣ በግብፅ ድብልቅ ፍርድ ቤቶችን የወለደ፣ በቻይና የወደብ ከተሞች የሥር የሰደደ፣ ጃፓንም እ.ኤ.አ. በ1899 እስክትገላገለው ድረስ አንገቷን ያስደፋ ሥርዓት ነበር። ያልተገዙ ነገር ግን የተናቁ አገሮች የሚሸከሙት ቀንበር ነበር ማለት ይቻላል።

በድሬዳዋ የዚህ ውል ውጤት ለዕለት ኑሮ የቀረበ ነበር። ፈረንሳይ በከተማዋ የራሷ ቆንስላ ነበራት። ለምሳሌ ያህል አንድ ኢትዮጵያዊ የቀን ሠራተኛ በጥገና ቤት ከፈረንሳዊ አለቃው ጋር ተጣልቶ አንዱ ሌላውን ቢመታ ምን ይሆናል? መቺው ሠራተኛው ከሆነ ኢትዮጵያዊው ዳኛ ዘንድ ይቆማል፤ ቆንሲሉም የዜጋውን ጥቅም እየጠበቀ አብሮ ይከታተላል። መቺው አለቃው ከሆነ ግን ተበዳዩ አቤቱታውን ይዞ ወደማያውቀው ሕግ፣ ወደማይሰማው ቋንቋና ወደ ባዕድ ዳኛ ለመሄድ ይገደዳል። ድርጊቱ አንድ ነው፤ የተፈጸመበትም ጣሪያ አንድ ነው፤ ዳኛው ግን በተከሳሹ ወረቀት ይለያያል። ፍትሐዊ ዳኝነት ሁለት መሠረት አለው፤ አንደኛው ተከሳሽ የሚሰማበት ነፃ ችሎት፣ ሁለተኛው በዚያ ችሎት ፊት የሁሉም ሰው እኩልነት ነው። የቆንስላው ሥርዓት ለባዕዱ የመጀመሪያውን ሲያረጋግጥለት ለአገሬው ሁለተኛውን ነሳው።

ይህን ሁኔታ በቅርብ ከተመለከቱት ምሁራን አንዱ ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ነበሩ። በአውሮፓ የተማሩት እኚህ ሰው በመጨረሻዎቹ የሕይወት ዘመናቸው የድሬዳዋ ነጋድራስ ሆነው ሠርተዋል። ነጋድራስ በዚያን ዘመን የቀረጥ ሹም ብቻ አልነበረም፤ የነጋዴዎች ዳኛም ነበር። ስለዚህ ገብረ ሕይወት በብዕራቸው የተቹትን ችግር በሥራ ገበታቸው ላይ ያዩት ነበር ማለት ነው። «አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ» በተባለው ጽሑፋቸው ካቀረቧቸው የማሻሻያ ሐሳቦች አንዱ አገሪቱ የተጻፈና የታወቀ ሕግ እንዲኖራት የሚያሳስብ ነበር። ሕጉ ካልተጻፈ ዳኛው የሚፈርደው በስሜቱ ነው፤ ባዕዱም የዚህን ጉድለት ማመካኛ አድርጎ ከአገሩ ሕግ ውጭ ይኖራል። ገብረ ሕይወት በ1911 ዓ.ም. ገና በ33 ዓመታቸው አረፉ። «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የተባለው ሥራቸው የታተመው ካለፉ በኋላ ነው።

በዚያን ጊዜ አካባቢ ኢትዮጵያውያንና የውጭ አገር ሰዎች የሚካሰሱበት ልዩ ፍርድ ቤት በአዲስ አበባ ተቋቁሞ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴን የመሰሉ ሊቃውንት ሠርተውበታል። ይህም የአገሪቱን የዳኝነት ሥልጣን ከቆንስላ እጅ ቀስ በቀስ ለማስመለስ የተደረገ ጥረት አካል ነበር። ቀጥሎም ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የመጀመሪያው የተጻፈ ሕገ መንግሥት ታወጀ። ረቂቁን ያዘጋጁት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም፣ ከድሬዳዋ ብዙም በማይርቀው በጨርጨር አውራጃ አስተዳዳሪነታቸው የታወቁ ሰው ነበሩ። ይህ ሕገ መንግሥት የንጉሠ ነገሥቱን ፈላጭ ቆራጭነት በሕግ ያጸደቀ ቢሆንም፣ ማንም ኢትዮጵያዊ ያለ ሕግ እንዳይያዝ፣ እንዳይታሰርና ጉዳዩን በሕግ በቆመ ፍርድ ቤት የማሳየት መብቱን እንዳይነፈግ የሚያዝዝ ቃል ይዟል። ሐሳቡ በወረቀት ላይ ከሰፈረ በኋላ ሊፋቅ የማይችል ሆነ።

ባዶ የሆነው ወንበር

ግንቦት 1 ቀን 1928 ዓ.ም. የፋሺስት ኢጣሊያ ጦር ድሬዳዋ ገባ። ከቆንስላ ችሎት የባሰ ነገር መኖሩን የከተማዋ ነዋሪ ያን ጊዜ ተረዳ። ቅኝ ገዢው ሕግን የዘር መለያ አጥር አደረገው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ በሦስት ቀናት ውስጥ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ያለ አንዳች ጥያቄ ተጨፈጨፉ። ከዚያ በኋላም በመላ አገሪቱ የተማሩ ወጣቶች፣ መነኮሳትና ሽማግሌዎች ሳይሰሙ ተገደሉ። የዳኛው ወንበር ባዶ በሚሆንበት ጊዜ የሚቀመጥበት ጠመንጃ እንደሆነ ለዚያ ትውልድ ማስረዳት አያስፈልግም ነበር።

የእንግሊዝ ጦር በመጋቢት ወር 1933 ዓ.ም. ድሬዳዋን ከኢጣሊያኖች አስለቀቀ። ነፃነት ሲመለስ ግን ለድሬዳዋ ሙሉ ሆኖ አልተመለሰም። ጥር 23 ቀን 1934 ዓ.ም. በተፈረመው የኢትዮጵያና የእንግሊዝ ስምምነት መሠረት የባቡሩ መሥመርና ድሬዳዋን የመሰሉ የተወሰኑ ሥፍራዎች በእንግሊዝ ጦር አስተዳደር ሥር ቆዩ። አንድ ወገኑ የውጭ አገር ሰው የሆነ ክርክርም እንግሊዛዊ ዳኛ ወዳለበት ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሊዛወር ይችል ነበር። ታኅሣሥ 10 ቀን 1937 ዓ.ም. የተፈረመው ሁለተኛው ስምምነት ይህን ለወጠው፤ ባቡሩና ከተማዋ ወደ ኢትዮጵያ አስተዳደር ተመለሱ። የቆንስላ ችሎት ዘመን ያኔ አከተመ። የባዕዱ አለቃና የአገሬው ሠራተኛ በአንድ አገር ፍርድ ቤት ፊት የመቆማቸው ነገር በመርህ ደረጃ ተረጋገጠ።

የሕግ መጻሕፍት ዘመን

ከዚህ በኋላ የተከተለው ገብረ ሕይወት የተመኙት የሕግ መጻሕፍት ዘመን ነበር። በ1934 ዓ.ም. የወጣው የፍርድ አስተዳደር አዋጅ የመደበኛ ፍርድ ቤቶችን ደረጃ አዋቀረ። በ1936 ዓ.ም. የናኢባና የቃዲ ምክር ቤቶች አዋጅ የሙስሊሞችን የቤተሰብና የውርስ ዳኝነት ዕውቅና ሰጠው፤ ይህም እንደ ድሬዳዋ ላለ ከተማ ትልቅ ነገር ነበር። ጥቅምት 24 ቀን 1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ዳኛ ፊት እንዲቀርብ፣ ተከሳሽ ፈጣን ዳኝነት እንዲያገኝ፣ ምስክሮችን እንዲጠይቅ፣ በጠበቃ እንዲረዳና ጥፋቱ እስኪረጋገጥ ድረስ እንደ ጥፋተኛ እንዳይቆጠር ደነገገ። በ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ በ1954 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ታወጁ። የመጨረሻው በተለይ ፖሊስ ተጠርጣሪውን በማባበል ወይም በማስፈራራት ቃል እንዳይቀበል፣ የተያዘውም ሰው ያለመናገር መብቱ እንዲነገረው ያዛል።

እነዚህ ድንጋጌዎች ከዓለም ሕጎች ጎን ቢቆሙ የሚያሳፍሩ አልነበሩም። እ.ኤ.አ. በ1215 የእንግሊዝ መሳፍንት ከንጉሣቸው የነጠቁት ቃል ኪዳን፣ እ.ኤ.አ. በ1948 የተባበሩት መንግሥታት ያወጁት የሰብዓዊ መብቶች መግለጫ የሚናገሩት ይህንኑ ነው። ጉድለቱ የነበረው ከሕጉ ፊደል ሳይሆን ከላዩ ከተቀመጠው ነው። «ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ» የሚለው የቆየ ምሳሌ በ1948ቱ ሕገ መንግሥት ውስጥም የንጉሠ ነገሥቱ አካል አይደፈርም፣ ሥልጣናቸውም አይነካም በሚል አንቀጽ ተተክቶ ነበር። ከፍርድ ቤቶች ሁሉ በላይ የዙፋን ችሎት ነበረ፤ በሕግ ያለቀ ነገር እዚያ እንደገና ሊከፈት ይችል ነበር። በገጠር ደግሞ ጭሰኛው የመሬቱን ባላባት ቢከስስ ምስክሩም፣ ዳኛውም፣ ወህኒ ቤቱም ከባላባቱ ወገን ሊሆኑ ይችሉ ነበር። ሕግ ለሁሉም እኩል ነው የሚለው ቃል ከአፍ አልፎ ከሆድ አልገባም።

አብዮትና ጠመንጃ

ዘውዳዊው አገዛዝ በ1966 ዓ.ም. ሲናወጥ ሰፊው ሕዝብ ካነሣቸው ጥያቄዎች መካከል ፍትሕ አንዱ ነበር። የቀድሞ ባለሥልጣናትን ጥፋት የሚያጣራ መርማሪ ኮሚሽንም ተቋቋመ። ይህ ኮሚሽን ለኢትዮጵያ ታሪክ ታላቅ አጋጣሚ ነበር። ሹማምንት በአደባባይ ተጠይቀው፣ መልስ ሰጥተው፣ በማስረጃ ተመዝነው ቢፈረድባቸው ኖሮ «ንጉሥ አይከሰስ» የሚለው ምሳሌ ያን ጊዜ በተሻረ ነበር። ነገር ግን ደርግ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት ስድሳ ያህል ሰዎችን ገደለ። ከነርሱም መካከል ሁለት የቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትሮች፣ አክሊሉ ሀብተ ወልድና እንዳልካቸው መኮንን ይገኙበታል። ምርመራው ገና አላለቀም፤ ክስ አልተነበበም፤ መከላከያ አልተሰማም። ከሟቾቹ አንዳንዶቹ በሕግ ቢጠየቁ ጥፋተኛ ሆነው ይገኙ ይሆናል፤ ሌሎቹ ነፃ ይወጡ ይሆናል። ጥይቱ ሁለቱን ሳይለይ ስላለፈ የአገሪቱ ታሪክ ፍርዱን አጣ።

በዚያች ሌሊት የተከፈተው በር ብዙዎችን አሳለፈ። ይግባኝ የሌላቸው ልዩ ጦር ፍርድ ቤቶች ቆሙ። ከ1969 ዓ.ም. ጀምሮም «ነፃ እርምጃ» በሚል ስም የመግደል ሥልጣን ወደ ቀበሌ ወረደ። ድሬዳዋ በዚያ ዓመት ሁለት እሳት ነደደባት። በነሐሴ ወር የዚያድ ባሬ ጦር ከተማዋን ለመያዝ ባደረገው ጥቃት ነዋሪዋና ሠራዊቱ በጽናት ተዋግተው መከቱት፤ ይህ የሚያኮራ ታሪክ ነው። በውስጥ ግን ቀይ ሽብር ለከተማዋ ልጆች አልራራም። ወላጅ የልጁን አስከሬን በመንገድ ላይ አገኘ፤ የአደባባይ ልቅሶም ተከለከለ። የጦርነት ጊዜ ሕግን ያላላ ሲባል ይሰማል። ድሬዳዋ የምታስረዳው ተቃራኒውን ነው። የጠላትን ታንክ የመከተ ሕዝብ በቀበሌው አዳራሽ ውስጥ ሳይሰማ ሊገደል የሚገባው ሕዝብ አልነበረም። «በሕግ አምላክ» የሚለው ጩኸት በነዚያ ሌሊቶች ተሰምቶ ይሆናል፤ የሚቆምለት ግን አልነበረም።

ገዳይም ቢሆን ይሰማ

ደርግ በ1983 ዓ.ም. ከወደቀ በኋላ አገሪቱ የቆየውን ጥያቄ እንደገና ተጠየቀች። ሳይሰሙ የገደሉትን ሰዎች ሳይሰሙ መግደል ይገባል ወይስ አይገባም? ነሐሴ 1984 ዓ.ም. የልዩ ዐቃቤ ሕግ ጽሕፈት ቤት ተቋቋመ። ታኅሣሥ 4 ቀን 1987 ዓ.ም. የደርግ ባለሥልጣናት ችሎት በአዲስ አበባ ተከፈተ። በኋላም ልዩ ዐቃቤ ሕጉ በመላ አገሪቱ በ5,198 ሰዎች ላይ ክስ መሠረተ። ከእነዚህ ውስጥ 2,246ቱ በእስር ላይ፣ 2,952ቱ በሌሉበት የተከሰሱ ነበሩ። አቅም ለሌላቸው ተከሳሾች መንግሥት ተከላካይ ጠበቃ አቆመ፤ የሟች ቤተሰቦች በችሎት ቀርበው መሰከሩ፤ የግድያ ትእዛዝ የተጻፈባቸው ሰነዶች ተነበቡ።

ዋናው ችሎት የጥፋተኛነት ፍርዱን የሰጠው ታኅሣሥ 3 ቀን 1999 ዓ.ም. ነው። በጥር ወር የዕድሜ ልክ እሥራት ተወሰነ፤ በ2000 ዓ.ም. ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለዋነኞቹ ቅጣቱን ወደ ሞት አከበደው፤ በ2003 ዓ.ም. ደግሞ በእሥር ላይ ለነበሩት ወደ ዕድሜ ልክ ተለወጠ። ዋናው ተከሳሽ ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ግን ዚምባብዌ ሆነው በሌሉበት ተፈረደባቸው። የዚህ ችሎት ጉድለት አይሰወርም። ብዙዎች ክስ ሳይቀርብባቸው ለዓመታት ታስረዋል፤ ክርክሩም 12 ዓመት ወስዷል፤ የዘገየ ፍርድ ለተከሳሹም ለተበዳዩም የጎደለ ፍርድ ነው። ቢሆንም አንድ ነገር አድርጓል። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ለተገደሉት የተነፈገውን፣ ክስን የመስማትና መልስ የመስጠትን መብት ለገዳዮቹ ሰጥቷል። በኢትዮጵያ ታሪክ የአገር መሪ የነበረ ሰው በአገሩ ፍርድ ቤት ተከስሶ ሲፈረድበት ይህ የመጀመሪያው ነበር። «ንጉሥ አይከሰስ» የሚለው ምሳሌ ዘግይቶም ቢሆን ተሻረ፤ ሰማይ ታረሰ።

የአስተርጓሚው መብት

ነሐሴ 15 ቀን 1987 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት በ19ኛውና በ20ኛው አንቀጾቹ የተያዙና የተከሰሱ ሰዎችን መብት ዘርዝሯል። የ48 ሰዓቱ ገደብ፣ ዝም የማለት መብት፣ የንጽሕና ግምት፣ ግልጽ ችሎት፣ ጠበቃና ይግባኝ ሁሉም በዚያ ይገኛሉ። ለድሬዳዋ ግን ከሁሉ ይበልጥ የሚቀርበው ብዙም የማይነገርለት ድንጋጌ ነው። ይኸውም የፍርዱ ሂደት በማይገባው ቋንቋ የሚካሄድበት ተከሳሽ በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ እንዲቆምለት የሚያዝዘው ነው። ከተማዋ ዛሬ የፌዴራል ፍርድ ቤቶች፣ በ1996 ዓ.ም. በወጣው የአስተዳደሩ ቻርተር የተመለከቱት የከተማ ፍርድ ቤቶች፣ የሸሪዓ ፍርድ ቤቶችና የአገር ሽማግሌዎች ጎን ለጎን የሚገኙባት ናት። በዚህች ከተማ የሶማልኛ ተናጋሪ እረኛ፣ የኦሮሞ ገበሬና የአማርኛ ተናጋሪ ነጋዴ በአንድ ችሎት ሊገናኙ ይችላሉ። አስተርጓሚው ቃላቸውን ካዛባ ወይም ከሌለ፣ የተቀሩት መብቶች ሁሉ በመዝገብ ላይ ብቻ ይቀራሉ። ያልተሰማ ሰው ተከላክሏል አይባልም።

ከቆንስላው ችሎት እስከዚህ ድረስ ያለውን መንገድ መለስ ብሎ ለሚመለከት፣ የብዙ ሕጎች መኖር በራሱ ክፉ እንዳልሆነ ይገነዘባል። ሄርም፣ ሸሪዓም፣ የሽማግሌ ዕርቅም ከከተማዋ ጋር ኖረዋል። ክፉው ነገር አንዱ ሰው ከሌላው የተለየ ክብር በሕግ ፊት ሲሰጠው ነው። በ1900 ዓ.ም. ልዩነቱ የዜግነት ወረቀት ነበር፤ በፋሺስት ዘመን የቆዳ ቀለም ሆነ፤ በዘውዱ ዘመን ማዕረግና መሬት፤ በደርግ ዘመን የፖለቲካ ወገን። ስሙ ይለዋወጣል እንጂ በደሉ አንድ ነው። የሕግ አስከባሪው በ48 ሰዓት ውስጥ ያልቀረበለት እሥረኛ፣ የዋስ መብቱ በሰበብ የተነፈገ ተጠርጣሪ፣ ፍርድ ቤት ፍታው ብሎት ያልተፈታ ሰው በማንኛውም ዘመንና በማንኛውም መንግሥት ቢገኝ የዚያ በደል ወራሽ ነው።

በመምህሩ ክፍል፣ በአስተዳዳሪው ጽሕፈት ቤትና በቲያትር ቤቱ መድረክ ላይ ይህ ታሪክ ሥራ አለው። መምህሩ ስለ ባቡሩ ሲያስተምር ሐዲዱንና ኪሎ ሜትሩን ብቻ ሳይሆን 7ኛውን አንቀጽ ጭምር ቢያስተምር፣ ተማሪው ነፃነት ከዳኝነት ተለይቶ እንደማይኖር ይረዳል። አስተዳዳሪው የሚጠላው ሰው ሳይሰማ እንዳይቀጣ መጠበቅ ሥልጣኑን እንደማያሳንስ፣ ይልቁንም እንደሚያጸናው ቢያውቅ፣ ቀን ሲለወጥ እርሱም የሚሸሸግበት ጥላ ያገኛል። ደራሲውና ተዋናዩም ከበላ ልበልሃ አደባባይ የሚቀዱት ያልነጠፈ ምንጭ አላቸው።

ዛሬ ከለገሃር ተነስቶ በከዚራ ዛፎች ሥር አልፎ፣ ደቻቱን ተሻግሮ ወደ መጋላ የሚዘልቅ ሰው፣ አንድ ጊዜ በአንድ ከተማ ውስጥ ሁለት ፍርድ የነበረባቸውን ሁለት ዳርቻዎች ያቋርጣል። ድልድዩን ድንጋይና ሲሚንቶ ሠርተውታል። በሁለቱ ዳርቻዎች የሚኖረው ሰው በአንድ ዳኛ ፊት እኩል እንዲቆም ያደረገው ግን ብዙ ዘመን የፈጀ፣ ብዙ ደም የፈሰሰበት፣ ዛሬም በየችሎቱና በየፖሊስ ጣቢያው በየዕለቱ እንደገና መሠራት ያለበት ሥራ ነው። አንድ ምስኪን «በሕግ አምላክ!» ብሎ ሲጮህ ኃይለኛው የሚቆም እንደሆነ ያ ሥራ ተሠርቷል ማለት ነው፤ የማይቆም እንደሆነ ግን ገና አልተሠራም።